የአያ ስንሻው ታንኳ

ብዙ ሰው የሚናገራት፣ ከየት እንደ መጣች ግን ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቃት አንዲት አባባል በሾላ ሜዳ አለች። አንድ ሰው የእጁን ሥራ ትቶ ስለ መጪው ዘመን፣ ስለ ሰማይና ምድር፣ በአጠቃላይ እሱ ስለማያዝበት ነገር ሁሉ ሲብሰለሰል የታየ እንደ ሆነ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጠጋ ይልና ይህችን አባባል ጣል ያደርግበታል። ሰውየውም ብዙውን ጊዜ ይስቅና ወደ ሥራው ይመለሳል። የአባባሏ መነሻ ታንኳ ነው። ሾላ ሜዳ ደግሞ ሐይቅ የለውም። ያለው አንድ ወንዝ ሲሆን እሱንም በበጋ ፍየል ጉልበቷን ሳታርስ ትሻገረዋለች። ታንኳው ታዲያ ከየት መጣ ለሚል ሰው ነገሩ እንዲህ ነው።

በሾላ ሜዳ አያ ስንሻው የሚባል ገበሬ ነበር። አስተዋይ ሰው ነው። ጉንዳን እንቁላሏን ተሸክማ ከጉድጓዷ ስትወጣ ካየ ዝናብ ቀርቧል ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ይቀርባል። ላሞች ከወትሮው ቀድመው ወደ በረት ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ ጭስ ሽቅብ መውጣቱን ትቶ ሣር ሣሩን ሲሳብ፣ እሱ ያየዋል። ጎረቤቶቹ ጤፍ ከመዝራታቸው በፊት በደጁ ሲያልፉ «አያ ስንሻው፣ እንዴት ነው ነገሩ?» ብለው ሳይጠይቁት አያልፉም ነበር።

ባለፈው ክረምት ግን ቦራ የሚባል በሬውን ጎርፍ ወሰደበት። ስንሻው የበሬውን ገመድ ይዞ ከወንዙ ዳር እየጎተተ ሳለ ገመዱ እጁ ላይ ተበጠሰ፤ ቦራም ሁለት ጊዜ ቀንዱን ብቅ አድርጎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የስንሻው አስተያየት ተለወጠ። ድሮ ሰማዩን የሚያየው ለማወቅ ነበር፤ አሁን ሰማዩን እንደ ዘበኛ ይጠብቀው ጀመር። ዓይኑን የነቀለ ለት አንድ ነገር የሚያመልጠው፣ ያ ያመለጠው ነገርም አገሩን ጠርጎ የሚወስድ ይመስለዋል።

ይህ እንዲህ እንዳለ የማኅበር ተራ ደረሰው። የሾላ ሜዳ የሚካኤል ማኅበርተኞች በየወሩ በአሥራ ሁለት ተራ በተራ በየቤታቸው ይዘክራሉ። ዝክሩ ሲያበቃ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ተረክቦ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ስንሻው ግንቦት ላይ ጽዋውን ተረከበ። ተራው በሰኔ ሚካኤል ዋለለት ማለት ነው፤ ትልቁ በዓል ነው፤ ክብር ነው። ችግሩ ሰኔ ክረምት የሚገባበት ወር መሆኑ ነው፤ የስንሻው ጎጆ ክዳን ደግሞ አርጅቷል። በሾላ ሜዳ ከብዙ ዘመን በፊት ጽዋው ላይ ዝናብ ያንጠባጠበ አንድ ቤት ነበረ። ቤቱ ከፈረሰ፣ ባለቤቱም ከሞተ ቆይቷል፤ የልጅ ልጆቹ ግን እስከ ዛሬ «እነ አፍስሴ» ነው የሚባሉት።

«እኔ እንዲህ ተብሎ የሚጠራ ልጅ አልወልድም» አለች ሚስቱ አንጓች፤ ያን ጊዜ ስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። «ቀኑ ሳይደርስ ጣሪያው ይከደን።»

«ይከደናል» አለ ስንሻው።

እውነትም ጀመረው። ሥራ ያውቃል። አንድ ሳምንት ሙሉ ሰንበሌጥ አጨደ፤ ሣሩን ከቤቱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ነፋስ እንዲያገኘው አድርጎ ከመረው። ከዚያም ከጎጆው ጀርባ በኩል፣ ከጓሮው በላይ ያለውን የበሰበሰ ክዳን ገፈፈና ወራጁንና ማገሩን ራቁቱን አስቀረው። ለቅዳሜ ደቦ ጠራ። ጎረቤት መጥቶ ቀሪውን ገፍፎ፣ አዲሱን ሣር ደርቦ፣ ማታ ጠላውን ጠጥቶ ሊሄድ ነው። እስከዚህ ድረስ ምንም አልጎደለም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስንሻው እንደ ልማዱ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። የጎጆው በር ወደ ምዕራብ የሚያይ ነው፤ ደመና የሚመጣውም፣ የዚያን ጊዜውም ጎርፍ የመጣው ከምዕራብ ስለ ነበር ስንሻው ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ከዚያ አይነቅልም። ፀሐይና ካፊያ አንድ ላይ ሆነው ነበር። ካፊያው ወደ ምሥራቅ አለፈና ከቤቱ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ወረደ። ስንሻው ያለፈውን አላየውም፤ ያለፈ ዝናብ ምን ያደርጋል? የሚመጣውን ነው የሚያየው። ያኔ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለው።

ዘንድሮ የማርያም መቀነት አላየም።

መላልሶ አሰበ። በመጋቢት የዘነበ ጊዜ እዚሁ ነበር፤ አላየም። በሚያዝያ አላየም። በግንቦት ስንት ጊዜ ፀሐይና ካፊያ ሲቀላቀሉ ዓይኑን ሳይነቅል ምዕራቡን እያየ ተቀምጧል፤ ቀይም፣ ቢጫም፣ አረንጓዴም የለም። የማርያም መቀነት ደግሞ ምን እንደ ሆነች ልጅ ሆኖ በቤተ ክርስቲያን ሰምቷል፤ ዳግመኛ ምድር በውኃ እንዳትጠፋ የተሰጠች ምልክት ናት። ምልክቷ ከቀረችስ?

ስንሻው ችኩል አይደለምና ወዲያው አላመነም። ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ይጸናልና ምስክር ፍለጋ ሄደ።

በመጀመሪያ ያገኘው ይስማውን ነው። ይስማው የማኅበሩ አለቃ ነበር፤ የማኅበር አለቃ በአገሩ ወግ «ሙሴ» ይባላል። ወገቡን አጉብጦ ያርሳል።

«ይስማው፣ ዘንድሮ የማርያም መቀነት አይተሃል?»

«እኔ ዘንድሮ ያየሁት የበሬ ቂጥ ብቻ ነው» አለ ይስማው እርፉን ሳይለቅ።

አንድ ምስክር። ቀጥሎ እማማ ደብሬ ዘንድ ሄደ፤ አጥራቸው ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ።

«እማማ፣ ዘንድሮ የማርያም መቀነት አይተዋል?»

«እኔስ አላየሁም ልጄ።»

«ሁለት» አለ ስንሻው በልቡ፤ እማማ ደብሬ ዓይናቸው ከፈሰሰ ሦስተኛ ዓመቱ መሆኑ በዚያች ሰዓት ትዝ አላለውም። ሦስተኛው ምስክር ራሱ ነበር። አንጓችን አልጠየቃትም፤ እርጉዝ ሴት ማስደንገጥ ደግ አይደለም ብሎ ነው።

ከዚያ ወደ መምሬ ጥበቡ ሄደ። መምሬ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ተቀምጠው የጥላቸውን ቅዳጅ ይሰፋሉ። ስንሻው መስቀል ተሳልሞ ቆመ።

«አባቴ፣ የማርያም መቀነት የምትባለው የምን ምልክት ናት?»

«የኪዳን ምልክት ናት። እግዚአብሔር ምድርን ዳግመኛ በውኃ አላጠፋም ያለበት። ምነው?»

«እንዲያው ነው። ምልክቷ ባትታይስ?»

«መልካም ጥያቄ ነው። ቁጭ በል» አሉ መምሬ ደስ ብሏቸው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቃቸው ካጡ ቆይተዋል። «አየህ፣ የዚህ ነገር ቁልፉ ምልክቷን የሚያያት ማን ነው የሚለው ነው። ብዙ ሰው…»

«የሚያያትማ የለም አባቴ። ጠይቄያለሁ» አለና ስንሻው መስቀሉን ደግሞ ተሳልሞ ሄደ።

መምሬ መርፌያቸውን እንደያዙ ቀሩ። «ይህ ሰው ቅዳሴም ሳያልቅ ነው የሚወጣው» አሉ ለጥላው።

ስንሻው ወደ ቤቱ ሲመለስ ልቡ ቆርጦ ነበር። ለሰው መንገር አልፈለገም። ቢናገር አገሩ ሁሉ ሣር ለማጨድ ይረባረብና ለማንም ሳይበቃ ይቀራል። ውኃው ሲመጣ ጎረቤቶቹን እንደሚጠራቸው ግን ለራሱ ቃል ገባ። ለደቦ ለተጠሩት «ሣሩ አልደረቀም» ብሎ ላከባቸው። በማግስቱ በጠዋት ጉብታው ላይ ወጣ።

ስንሻው አንድ ጊዜ የጣናን ገዳማት ሊሳለም ሄዶ ታንኳ አይቷል፤ ተሳፍሮበትማ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የተሻገረው። የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩት ከደንገል ነው። ደንገል በሾላ ሜዳ የለም፤ ሰንበሌጥ ግን አለ፤ ለዚያውም ታጭዶ የተከመረ። ሣሩን በነዶ በነዶ አሰረ፤ ነዶውን በነዶ ላይ አጋደመ፤ በክዳን ገመድ ጠፈረው። ፊቱን ወደ ላይ ቀለበሰው። የእጅ ሥራው ንጹሕ ነው፤ አንድም የላላ ቋጠሮ አልነበረበትም፤ በተለይ ገመዱን ደራርቦ ነው ያሰረው፤ ገመድ እጁ ላይ ሲበጠስ አንድ ጊዜ አይቷልና። በመጨረሻ ገብቶ ተቀመጠበት። ታንኳው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅነቅ አለ። ስንሻው ይህን እንደ ጥሩ ምልክት ቆጠረው።

አንጓች ሣሩ እስካሁን ለምን እንዳልደረቀ ልታይ ጉብታው ላይ የወጣችው በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ባሏን የተቀለበሰ ሣር ውስጥ ተቀምጦ ምዕራቡን ሲመለከት አገኘችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ታንኳ።»

«ምን የሚያደርግ ነው?»

«ውኃ ላይ የሚሄድ።»

አንጓች ዙሪያዋን አየች። ከጉብታው ሥር የደረቀ እርሻ፣ ከእርሻው ማዶ የደረቀ ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ አንድ የተኛ አህያ አለ።

«ውኃው የት አለ?»

«ይመጣል።»

«ጣሪያዬስ የት አለ?»

ስንሻው የተቀመጠበትን ታንኳ በእጁ ደበስ አደረገ።

አንጓች ድንጋይ ፈልጋ ተቀመጠች። «ማን ነገረህ ውኃ ይመጣል ብሎ?»

«ምልክት አለ።»

«ምን አየህ?»

«ያየሁት አይደለም ምልክቱ። ያላየሁት ነው።»

«ያላየኸውማ እኔ ቤት አለ። ወራጁ ላይ ቁራ አርፎ ቁልቁል ወጤን ያየዋል።» ከዚያ ታንኳውን ከዳር እስከ ዳር ለካችው። «እኔ የት ነው የምቀመጠው?»

«ከኋላዬ።»

«ከነሆዴ? እሺ። በሬውስ?»

«በሬው ከኋላ ታስሮ ይዋኛል።»

«ቦራ እንደዋኘው?»

አንጓች ቃሉን ብትመልሰው በወደደች፤ ስንሻው ግን ቀና ብሎ አላያትም፤ አንዱን ቋጠሮ ደጋግሞ ያጠብቃል። ጥቂት ቆይታ ተነሣችና እጇን ትከሻው ላይ አኖረች።

«ገመድ ነው የተበጠሰው» አለች። «አንተ አልለቀቅኸውም። ደግሞ ስማኝ፤ ውኃው መቼ እንደሚመጣ እግዚአብሔር ያውቃል። ማኅበሩ መቼ እንደሚመጣ ግን እኔም አውቃለሁ። ከነገ ወዲያ ነው።»

ስንሻው ታንኳውን ፈትቶ ሣሩን እንደሚያወርድ ነገራት፤ ሊያደርገውም አስቦ ነበር። በማግስቱ ግን ከምዕራብ ነጎድጓድ ተሰማ። ያንን ሰምቶ ታንኳ የሚፈታ ሰው ስንሻው አይደለም። በታንኳው ፈንታ የበሬ ቁርበትና አሮጌ ሰሌን አውጥቶ የጣሪያውን ክፍት አለበሰው፤ ጫፉ ላይ ድንጋይ ጫነበት። አንጓች ይህን ስታይ ያላትን ማሰሮና ገንቦ ሁሉ ሰብስባ ጀርባው በኩል መደርደር ጀመረች።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ማኅበርተኞቹ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ጎጆውን ሞሉት። መምሬ ጥበቡ በክብር ቦታቸው ተቀመጡ፤ ጥላቸውን ከጎናቸው አስደገፉ። ይስማው በአለቅነቱ ከእሳቸው ቀጥሎ ነው። እማማ ደብሬን ሰው እጃቸውን ይዞ አስገባቸው። ድፎው ተቆረሰ፤ ጠላው ተቀዳ፤ ጽዋው ነጭ ጨርቅ ለብሶ በጀርባው ግድግዳ በኩል በክብር ተቀምጧል። አንጓች ዓይኗ አንዴ ጽዋው ላይ፣ አንዴ ሰሌኑ ላይ ነው። ስንሻው ግን ባለቤት ሆኖ ሳለ አልተቀመጠም፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ምዕራቡን ያያል።

ነፋሱ መጀመሪያ ሰሌኑን ወሰደው። ቀጥሎ ቁርበቱ እንደ ትልቅ አሞራ ክንፉን ዘርግቶ ተነሣና የጓሮው ጎመን ላይ አረፈ። ከዚያ ዝናቡ መጣ።

ማኅበርተኛው ጽዋውን አቅፎ፣ ድፎውን ተሸክሞ ወደ በሩ በኩል ተገፋ፤ ሁሉም አንድ ላይ ተጨናንቆ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ያን የቀረ ጣሪያ እያየ ቆመ። መምሬ ጥላቸውን ከፈቱና ጽዋውን ከለሉት፤ ያን ቀን የተሰፋው ቅዳጅ ግን አሁንም ያፈስሳል።

«አያ ስንሻው» አለ ይስማው፣ ከአንገቱ በታች እየራሰ፣ «ዝናቡ ሲብስብን ወጣ ብለን ውጭ እንጠለል?»

«ሰዎች ተዉ፤ በዓል ነው» አሉ መምሬ፤ እሳቸውም ግን ጢማቸውን እየጨመቁ ነበር።

አንጓች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከሕዝቡ መካከል አንዱ «እነ አፍ…» ብሎ ሲጀምር ሌላው በክርኑ ጎሰመው፤ ነገር ግን ቃሉ ግማሹም ቢሆን ደርሷታል። ስንሻውም ሰማው። ስለዚህ ያን ሁሉ ቀን የያዘውን ምስጢር አወጣው።

«ስለ ጣሪያው አትዘኑ» አለ ዞር ሳይል፣ አሁንም ምዕራቡን እያየ። «ጣሪያ ያለውም የሌለውም አንድ የሚሆንበት ቀን ቀርቧል። የማርያም መቀነት ዘንድሮ አልወጣችም። ምስክር አለኝ። ጉብታው ላይ ታንኳ ሠርቻለሁ፤ ተነሡና እንውጣ።»

«ታንኳ?» አለ ይስማው።

«ታንኳ።»

«እስካሁን በማኅበራችን ሙሴ ብቻ ነበር» አለ ይስማው ደረቱን እየመታ። «ይኸው ዛሬ ደግሞ ኖኅ ጨመርን። ለስንት ሰው ይበቃል?»

ስንሻው ጥቂት አሰበ፤ መዋሸት አያውቅም። «ለሁለት። ግን ተራ በተራ ነው።»

ማኅበርተኛው ሊስቅ እንደ ጀመረ እማማ ደብሬ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ እስቲ» አሉ። «ጀርባዬን ሞቀኝ። ፀሐይ ወጣች ወይ?»

ወጥታ ነበር። ደመናው ምዕራብ ላይ ተቀድዶ፣ የማታ ፀሐይ በበሩ ገብታ የሰዉን ሁሉ ጀርባ ይዛለች። ዝናቡ ወደ ምሥራቅ አልፎ ከጓሮው በስተጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ይወርዳል። ሰዉ ሁሉ ፊቱ ወደ ተገፈፈው ጣሪያ ነበርና ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀና አለ። አንዱ እልል ሊል ቃጣው፣ አንዱ አማተበ። ደጃፉ ላይ ምዕራቡን የሚያየው ስንሻው ብቻ ነገሩ አልገባውም።

አንጓች ነጠላዋን ከፊቷ አነሣች። ወደ ባሏ ሄዳ ሁለት ትከሻውን ያዘችና እንደ እንስራ አዞረችው።

በወራጁና በወራጁ መካከል፣ ክዳኑ በሌለበት በዚያው ክፍት፣ የማርያም መቀነት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግታ ትታያለች። ቀዩ ቀይ ነው፤ ቢጫው ቢጫ፤ አረንጓዴው የበቀለ ገብስ ይመስላል።

«ዛሬ ገና ወጣች» አለ ስንሻው በቀጭን ድምፅ።

«ምን ዛሬ ገና» አለች አንጓች። «እኔ ጓሮ ጎመን ስቀነጥስ ስንቴ አየኋት። ባለፈው ሐሙስም ነበረች፤ አንተ በር ላይ ተቀምጠህ።»

«ምነው አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ? ሦስት ምስክር ስትሰበስብ በእኔ በኩል አላለፍክም።»

«እማማ ደብሬ አላየሁም ብለዋል።»

«አሁንም አላየሁም» አሉ እማማ ደብሬ። «ውድ ልጄ፣ እኔ አንተንስ መቼ አየሁህ?»

ይህ ሳቅ ከዝናቡ ድምፅ ይበልጥ ነበር። ስንሻው ግን ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ክፍቱ፣ ከክፍቱ ወደ ፀሐይዋ እያየ በጣቱ መስመር ይለካል፤ አስተዋይ ነውና ነገሩ ወዲያው ገባው። የማርያም መቀነት የምትታየው ፀሐይን በጀርባው ላደረገ ሰው ነው። እሱ ከሰዓት በኋላ ሁሉ ፀሐይን ፊት ለፊት እያየ ተቀምጧል። ምልክቷ ከጀርባው ስትወጣና ስትገባ ከርማለች፤ በመካከላቸው የገዛ ጎጆው ነበር።

መምሬ ጥበቡ ጥላቸውን ዘጉ። «እንግዲህ አሁን በር ላይ ሰው ስለ ሞላ አምልጠህ አትወጣም» አሉት። «ያን ቀን ያቋረጥከኝን ልጨርስልህ። እግዚአብሔር ያችን ምልክት ሲሰጥ፣ አይቻት ቃሌን አስባለሁ ያለው ስለ ራሱ ነው። ስንሻው ያያታል አላለም። አንተ ብታያት ደስ ይልሃል፤ ባታያትም፣ ደመና ቢጋርዳት፣ እንደ እማማ ደብሬ ዓይንህ ቢፈስስ እንኳ፣ እሱ ያያታል። ቃሉ የቆመው በእሱ ማየት ነው። በአንተ ማየት ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ የያዘህ ለት ሁላችንም እናልቅ ነበር።»

ስንሻው ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ግን በልቡ ያለውን ሳይጠይቅ መተው አልቻለም። «ቦራስ አባቴ?»

«ቦራ ለምን እንደሄደ አላውቅም» አሉ መምሬ። «የማላውቀውን አልሰብክልህም። ያን ገመድ ግን ዓመት ሙሉ ስትረግመው ሰምቻለሁ። አንተን አውቅሃለሁ ልጄ፤ አትለቅቅም። ገመዱ ባይበጠስ ኖሮ ዛሬ ዝክር የምናወጣው ለሚካኤል ብቻ አልነበረም።»

አንጓች ይህን ስትሰማ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ስንሻው መዳፉን ገልብጦ፣ ገመዱ የላጠውን አሮጌ ጠባሳ አየው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ይመስል ነበር።

«ይህ ሁሉ መልካም ነው» አለ ይስማው፣ «ነገር ግን ሌላ ደመና ከምዕራብ እየመጣ ነው፤ ጽዋው ደግሞ ገና አልተቀዳም። መምሬ፣ ሣሩን አውርደን ብንከድነውስ?»

«በሰኔ ሚካኤል? ጣሪያ መክደን ሥራ ነው። አይሆንም።»

ሁሉም አዘነ። አንጓች ግን ወደ መምሬ ጠጋ አለች። «አባቴ፣ በበዓል ቀን ጋን መክደን ሥራ ነው?»

«ጋን መክደን ምን ሥራ አለው? ክዳኑን አንሥቶ ማስቀመጥ ነው።»

«እንግዲያው ቤቴ ያልተከደነ ጋን ነው፤ ክዳኑም ጉብታው ላይ ተሠርቶ ተቀምጧል።»

መምሬ ነገሩን አገላብጠው መረመሩት፤ ስንሻውን አዩ፤ ጣሪያውን አዩ፤ የራሰ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ሳይፈታ፣ ሳይቋጠር፣ ሣር ሳይጨመር ከሆነ» አሉ፣ «እሱ ክዳን ነው።»

ማኅበርተኛው ነጠላውን አደግድጎ ወደ ጉብታው ወጣ። ታንኳውን በትከሻ ይዘው ሲወርዱ፣ ከሩቅ ያየ ሰው ሬሳ መስሎት ከመንገድ ዳር ቆሞ አማትቦ ነበር። እያዘነበሉ፣ እየተሳሳቁ፣ ይስማው ከፊት «ውኃው ጠለቀ፤ ቀስ በሉ» እያለ፣ ታንኳውን በግድግዳው ላይ አሳልፈው በክፍቱ ላይ ገለበጡት። በልኩ የተሠራ ይመስል ገጠመ። ስንሻው ያሰረው ቋጠሮ አንዱም አልላላም። ሣሩም ያው ለክዳን የታጨደው ሣር ነውና ጠብታ አላሳለፈም። ከሁለት ቀን በኋላ ደቦ ተጠርቶ ታንኳው ተፈትቶ በወጉ ተከደነ፤ የዚያን ለት ግን ጽዋው ከታንኳ ሥር ተጠጣ፤ እነ ስንሻውንም ማንም «እነ አፍስሴ» ብሎ አልጠራቸውም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ታንኳው ጣሪያው ላይ በተቀመጠ ጊዜ ስንሻው ወደ ላይ ወጥቶ ዳር ዳሩን ያስተካክል ነበር። መምሬ ከታች ሆነው መሰላሉን ይዘዋል። እንግዲህ ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው ከወትሮው አርቆ ያያል፤ ስንሻውም እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ ምዕራብ አየ። አንድ እግሩ ታንኳው ላይ፣ አንድ እግሩ ወራጁ ላይ እንዳለ ቆየ።

«መምሬ» አለ፣ «ያ ከተራራው በላይ ያለው ደመና ግን መልኩ ደስ አላለኝም። ከታቹ ጠቆር፣ ከላዩ…»

መምሬ ጥበቡ መሰላሉን ሳይለቁ፣ ሰማዩንም ቀና ብለው ሳያዩ «ሰማይስ ባለቤት አለው፤ አንተ ጎጆህን ክደን» አሉት።